የጥዱን መድረቅ በውሃ እጦት አታሳቡ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የግቢያቸውን አጥር ፎቶ ልኮልኝ ነበር። «መምህር፣ ጥዳችን ከውስጥ በኩል እየደረቀ ነው። ውሃ ጨመርን፣ ፍግ ጨመርን፣ ምንም ለውጥ የለም» ይላል። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ቅርንጫፉ ጥላሸት የተቀባ መስሏል፣ ጉንዳን ከላይ እስከ ታች ተሰልፎበታል። ወዲያው የጠረጠርኩት የጥድ ክሽክሽን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ውሃ ማጠጣት ትርፉ ድካም ነው።

ገበሬው ክሽክሽን በአተርና በገብስ ላይ በደንብ ያውቃታል። የጥዷ ግን መጤ ናት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው ማላዊ ላይ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ኬንያ ደረሰች። በነዚያ ጥቂት ዓመታት የገደለችው ዛፍ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። እኛ አገር መኖሯ የተመዘገበው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ከጤፍ ፍሬ ተለቅ ትላለች፣ ቀለሟ ከልጡ ጋር ስለሚመሳሰል ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው የለችም። ወንድ አያስፈልጋትም፤ ሴቷ ብቻዋን ሴት ትወልዳለች፣ የተወለደችውም በሳምንታት ውስጥ እሷም ትወልዳለች። የዛፉን ፈሳሽ ስትመጥ ምራቋ ቅርንጫፉን ይመርዘዋል። የምታንጠባጥበው ማር መሰል ነገር ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ ጥላሸት የሚመስለው እሱ ነው። ጉንዳኑም የመጣው ለዚያው ጣፋጭ ነው እንጂ ዛፉን እሱ አላደረቀውም፤ በከንቱ ነው የሚታማው።

አብዝታ የምትጎዳው የፈረንጅ ጥድን ነው። ይህ ዛፍ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ዛሬ ደብረ ታቦርን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ የትምህርት ቤቱም የመሥሪያ ቤቱም አጥር እሱው ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ያምራል፣ ገባን በቃ። ግን ከተማ ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መትከል ለአንዲት ነፍሳት ድግስ መደገስ ነው። የአንዱ አጥር ካለቀ የጎረቤቱ አጠገቡ አለ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን አጥሩ አይደለም። ሀበሻ ጥድንም ታጠቃዋለች። ጉዳቱ ከፈረንጁ ቀለል ቢልም ታጠቃዋለች። ሀበሻ ጥድ ደግሞ በደቡብ ጎንደር ዛሬ የት ነው ያለው? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ከጉና ግርጌ ቆማችሁ ስታዩ በታረሰው መሬት መሐል እንደ ደሴት ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ደብር ነው። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ደራሲነት የምታውቁት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ምሁርነቱን ያተረፈው እነዚህን የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቶ ነው። ከእሱና ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ሥራ በኋላ ደብረሰና የመሳሰሉ አጥቢያዎች ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ ከለሉ። ከብቱ ቀረ፣ ችግኙ ተረፈ። እሰየው ነው። ካብ ግን በሬ ያግዳል እንጂ በነፋስና በችግኝ የሚመጣን ነገር አያግድም።

አዎ፣ በችግኝ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰማ። መትከሉን አልነቅፍም፣ እኔም ተማሪ ሰብስቤ ተክያለሁ። የምነቅፈው የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑን ነው፦ «ስንት ተተከለ?» ከየት መጣ፣ ሲጫን ቅጠሉን ማን ገልብጦ አየው የሚል የለም። ከአንዱ ዞን ችግኝ ጣቢያ ተጭኖ ሌላ ዞን የሚራገፍ ችግኝ በሺህ ይቆጠራል። እኔ በበኩሌ ችግኝ የጫነ አይሱዙ ለፍተሻ ሲቆም አንድ ቀን አላየሁም። እህል የጫነው ግን በየኬላው ይቆማል!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የእጽዋት ጥበቃ ድንጋጌ ከወጣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዘመኑ ነው፤ በ1985ም የኳራንቲን ደንብ ወጥቷል። ግን ኳራንቲን ሲባል ሁላችንም የሚታየን ቦሌና የድንበር ኬላ ነው። ተባዩ አንዴ ከገባ በኋላ አገር ውስጥ የሚያዞረው የኛው መኪና ነው። የማንጎውን ነጭ ቅርፊት ነፍሳት አስታውሱ፤ በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ አንድ እርሻ ላይ ታየች፣ ከዚያ ወዲህ ስንት የማንጎ አካባቢ አዳረሰች? በ2009 መጤው ተምች በቆሎ ላይ ሲመጣ ግን ባለሙያው፣ ገበሬው፣ ተማሪው ሳይቀር ማሳ ወርዶ በእጁ ሲለቅም ነበር። ስንደናገጥ መሥራት እንችላለን ማለት ነው። ዛፍ ላይ የማንደነግጠው ዛፍ ቀስ ብሎ ስለሚሞት ይመስለኛል። በቆሎ በሳምንት ያስለቅሳል፣ ጥድ ግን ሦስት ዓመት እየደረቀ ቆሞ ያያችኋል።

«መድኃኒት እንርጨው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሦስት አራት ሜትር አጥር ከሆነ ይቻል ይሆናል። የደብር ደን ላይ ግን ማን ወጥቶ ይረጫል? ደግሞ ያንን ጣፋጭ ፈሳሽ ንብም ትቀስመዋለች። ከገበያ የተገዛ፣ ስሙ እንኳ በቅጡ የማይነበብ ጠርሙስ ረጭተን የጉናን ማር ብናጠፋ ምን አተረፍን? ክሽክሿን የሚበሉ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛዎችም አብረው ያልቃሉ። ማላዊዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ያደረጉት የተሻለ ነው። ከአውሮፓ አንዲት ደቃቃ ተርብ አስመጥተው ለቀቁ፤ ተርቧ እንቁላሏን ክሽክሿ ውስጥ ትጥላለች፣ ጩጬው ከውስጥ በልቶ ይጨርሳታል። ይህ የግለሰብ ሥራ አይደለም፤ ተጠንቶ፣ ተፈቅዶ የሚሠራ የመንግሥትና የምርምር ተቋማት ሥራ ነው። ግብርና ምርምርና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ ልጆቼ፣ የመመረቂያ ርዕስ አጣን ስትሉ እሰማለሁ። ይኸውላችሁ።

እስከዚያው በእጃችን ያለ ነገር አለ። የታመመውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እዚያው አቃጥሉት፣ ለሠርግ ቤት በርና ለገና ዛፍ ብላችሁ ከሰፈር ሰፈር አታዙሩት (ይህን ስል የሚቀየሙኝ ሙሽሮች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ይቅርታ)። አዲስ አጥር የምትተክሉ ደግሞ ክትክታ አለ፣ ቀጋ አለ፣ አሜጃ አለ። ቢቀላቀሉ አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል። ችግኝ ጣቢያ የምትሠሩ፣ ጥድ ስትጭኑ ዝም ብላችሁ አትቁጠሩ። ጠዋት ላይ ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ያዙና ቅርንጫፉን ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ቡናማ ነገር ከወደቀ ያንን መደብ አትጫኑት። ፎቶውንና ቦታውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ለሚመለከተው ሰው አደርሰዋለሁ።