ጋፋትኛ የት ሄደ?

«ጋፋት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በምትባል ቦታ ነበር። ነገር ግን ጋፋት የሕዝብም ስም ነው። ይህ ሕዝብ በጎጃም በዓባይ አካባቢ ይኖር ነበር፤ የአማርኛና የጉራጌኛ ዘመድ የሆነ የራሱ ቋንቋም ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወስዷል። በ1947 ግን የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው ጎጃም ሄደው ሲያፈላልጉ ጋፋትኛ የሚችሉ አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። ዛሬ ማንም አይናገረውም።

በሌላው ዓለምም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በሳስኩሃና ወንዝ ዳር ይኖሩ ከነበሩት የሳስኩሃኖክ ሕዝብ መካከል በ1763 በኮኔስቶጋ የቀሩትን 20 ሰዎች ታጣቂ ሰፋሪዎች ገደሏቸው። ከቋንቋቸው የተረፈው፣ አንድ የስዊድን ቄስ ቀደም ብሎ የመዘገባቸው መቶ የማይሞሉ ቃላት ናቸው። የጋፋት ልጆች ግን በሕይወት አሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ከጎጃም ሕዝብ ጋር ተዋሕደዋል። ቋንቋ ሕዝቡ ሳያልቅም ይጠፋል ማለት ነው፤ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ መመለስ ካቆሙ ይበቃል።

ይህ ለእኛ ለሐጅ ዩሱፍ ነዋሪዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በሱቁ፣ በረክሻው፣ በጨዋታው ሁሉ ዐረብኛ ነው። «ዐረብኛ እንጀራችን ነው» የሚሉ ወላጆች እውነታቸውን ነው። ልጆች ዐረብኛን በደንብ ይወቁ። ቤት ሲገቡ ግን እናታቸው በተናገረችበት ቋንቋ ይመልሱ።

ትምህርት ቤታችንም አንድ ነገር ማሰብ ያለበት ይመስለኛል። ጋፋትኛን የተካው አማርኛ ነው። ከተማሪዎቻችን መካከል ደግሞ በቤታቸው ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አገውኛ የሚናገሩ አሉ። አማርኛን ስናስተምር እነዚህን ቋንቋዎች ዝም እንዳናሰኝ እንጠንቀቅ።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በመጪው ዕረፍት እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ ወይም ከወላጁ ሃምሳ ቃላትና አምስት ተረቶች በደብተሩ ይጻፍ፤ የማድቤቱን፣ የዝምድናውን፣ የእርሻውን ቃል። ደብተሮቹ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጡ። እኛን ለመመዝገብ የሩቅ መንገደኛ እስኪመጣ አንጠብቅ፤ እስክሪብቶው በእጃችን ነው፤ የሚነግሩንም ሰዎች ገና ቤት ውስጥ አሉ።