ስንት ታወጣለች?

ስለ መኪና ዋጋ ስንጠያየቅ «በስንት ትሸጣታለህ?» ብለን አንጀምርም፤ «ስንት ታወጣለች?» እንላለን። «ታወጣለች» በሚለው ቃል ውስጥ ገዢ የለም፤ ሻጭም የለም። መኪናዪቱ ብቻዋን ደጅ ቆማ ከሆዷ ገንዘብ የምታወጣ ነው የሚመስለው። በዚህች አንዲት ቃል ላይ የማጉረመርመው ለቋንቋ ካለኝ ፍቅር ብቻ የተነሣ አይደለም። አንድ የቅርብ ዘመዴን አክስራዋለች፤ በኪሣራው ውስጥ የእኔም ምላስ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ ወልቂጤ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። በ2014 ዓ.ም. እጁ ላይ ገንዘብ ገብቶለት ነበርና አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ገዛ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ከመሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ሞተሯ ሲነሣ ልብ የሚያስደነግጥ የስፖርት መኪና። በ2015 መስቀል ዋዜማ ይዟት አገር ቤት ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ልጆች በመስታወቷ ፊታቸውን አዩ። አጎቴ ከዘራቸውን ይዘው ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞሩና «ልጄ፣ ሌላው ሰው የት ይቀመጣል?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ስለዚያች መኪና ዋጋ ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ያ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያሉ መኪኖች በሚሠሩበት ዓለም የመኪና ዋጋ በአመዛኙ ቁልቁል ነው የሚጓዘው። አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ከዋጋዋ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ በአምስት ዓመት ገደማ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ታጣለች። ከዚህ ሕግ የሚያመልጡት ጥቂቶች ናቸው። ፖርሼ 911 ዋጋውን አጥብቆ በመያዝ ይታወቃል። በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) 36 ብቻ ከተሠሩት የፌራሪ 250 ጂቲኦ መኪኖች አንዷ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች። እዚያ ብርቅ መሆን ያስወድዳል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚወደደው ብዙ ያለው ነው። ኮሮላ የሚወደደው የወልቂጤ መካኒክ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታው፣ መለዋወጫውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ስለማይጠፋ ነው። ቪትዝም እንደዚሁ። የሴሊካ የበር መስታወት የተሰበረ ዕለት ግን ባለቤቷ ስልክ ይዞ አገር ምድሩን ሲያስስ ይከርማል። መንገዱም አለ። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ያለው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ለመስቀል የሚኬደው ግን ወልቂጤ ድረስ ብቻ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቀዬ የሚገባው ጠጠርና ጭቃ ሆዷን ይፍቃል።

ታዲያ እንዲህም ሆና ዋጋዋ አልወርድ አለ። ምክንያቱ ከመኪናዋ ውጭ ነበር። በአገራችን ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጥ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ክንዱን አከበደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ለሴሊካዋ 850 ሺህ ብር ቆርጦ ሰጠ። የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ፤ ሱቁ ዕቃ አንሶት ነበር። «ምን ትመክረኛለህ?» አለኝ። እኔም ጋዜጣ አንባቢ አይደለሁ! «በሩ ተዘግቷል እኮ፤ ከእንግዲህ የቤንዚን መኪና አይገባም። ያለችው ገና ትወደዳለች። ምን አስቸኮለህ?» አልኩት። አልሸጠም።

ያኔ ያልታየኝ፣ ክልከላው የሚያስወድደው ሰው የሚፈልገውን መኪና መሆኑ ነው። የማይፈለግ ነገር አለመግባቱ ማንን ያስጨንቃል? ደግሞም የገዢው ኪስ ሌላ ታሪክ ነበረው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበርና ነጋዴው እንደ ድሮው ተበድሮ መግዛት አልቻለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። (በጓሮው ገበያ ቀድሞውንም ከባንኩ በጣም ርቆ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።) የአጎቴ ልጅ ወዲያው የሴሊካዋን ዋጋ ወደ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ከፍ አደረገ። «ጨመረች» ብለን በስልክ ተደሰትን።

ምን ጨመረች? ብሩ ነው የቀነሰው። በዚያች ጥር 850 ሺህ ብር ይዞ መርካቶ ቢወርድ ኖሮ መደርደሪያዎቹን ከወለል እስከ ጣራ ይሞላ ነበር። ጨርቁ ከውጭ የሚመጣ ነውና ከምንዛሪው ጋር አብሮ ሽቅብ ወጣ። በዓመቱ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ የሚሰጠው ሰው ቢያገኝ እንኳ ያንኑ ጨርቅ የማይገዛበት ሆነ። ገዢውም አልመጣም። ሱቁ ባዶ መደርደሪያ ይዞ፣ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ፣ እኛ «ታወጣለች» እያልን አንድ ዓመት አለፈ። የቆመች መኪና ደግሞ ዝም ብላ አትቆምም፤ ባትሪዋ ይሞታል፣ ጎማዋ ይሰነጠቃል፣ አይጥ ሽቦዋን ይቆረጥማል። ቦሎው ቀኑ ሲያልፍ ያንንም ትቶት ነበር።

የእኛ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጠባዩ እንዲህ ነው። ሌላ ቦታ ገዢ ሲጠፋ ዋጋ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ዋጋው ባለበት ይቆምና ዝምታው ይረዝማል። ደላላው ቡና ቤት ተቀምጦ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል። ቀድሞ ዋጋ የሚቀንስ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሀብት የቀነሰ ይመስለዋል፤ ያፍራል። ስለዚህ ሁሉም በወረቀት ሀብታም ሆኖ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ይበደራል።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ስናገረው ኖሬአለሁ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ባንክ ለቁጠባ ይከፍል የነበረው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ቆሞ ተዘረፈ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው ቤት ገዛ፣ መሬት ገዛ፣ ሁለቱም ያልደረሰው መኪና ገዛ። ይህን እንደ ሞኝነት አልቆጥረውም። ኮሮላ ወይም ሚኒባስ ለገዛ ሰው ሒሳቡ በእርግጥም ሠርቷል። ነገር ግን ሀብት ማስቀመጫ የሚባለው በሚያስፈልግ ቀን ሊወጣ የሚችል ነገር ነው። ማንም የማይገዛው ዋጋ ምኞት እንጂ ዋጋ አይባልም።

ደግሞ እኛ ይህን የማናውቅ ሰዎች አልነበርንም። በእኛ አገር የሚያድረውንና የማያድረውን መለየት ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። እንሰት በቆየች ቁጥር ትወፍራለች፤ ዓመታት ትጠበቃለች። እርሷም ብትሆን ማበቢያዋ ሲደርስ ትቆረጣለች፤ አብባ ፍሬ እስክትይዝ ከተተወች ጉልበቷ ወደ አበባው ሄዶ ቆጮዋ ያንሳል። ለመስቀል የደለበ በሬ ከዋዜማው በፊት ካልተሸጠ በማግስቱ የሚጠይቀው አይገኝም። ከተራሮቹ ወዲያ ማዶ፣ ቡታጅራ ላይ፣ የማረቆን በርበሬ የሚነግዱ ሰዎች «ዓመት ያደረ በርበሬ ቀለሙ ይለቃል» ይላሉ፤ ስለዚህ የዛሬን ዋጋ እየረገሙም ቢሆን ይሸጣሉ። መኪናን ግን ያለ ምንም ማስረጃ ከእንሰት ወገን መደብናት። ለዚያውም ከማታብብ እንሰት!

ቡታጅራን ካነሣሁ አይቀር፦ በከተማዋ መሐል የሚያልፈው ከአለም ገና ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በሕዝብ መዋጮ ጭምር የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሊስትሮ ከሚጠርገው እስከ መርካቶ ባለሱቅ ድረስ ለመንገድ ሥራ ገንዘብ አዋጥቷል። አብዛኞቹ መኪና አልነበራቸውም። ገንዘባቸውን ተመልሶ ሊሸጥ በማይችል ነገር ላይ አፈሰሱት፤ «ስንት ያወጣል?» ያለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ይህን የምጽፈው ያለፈውን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ እነርሱም በመጀመሪያ የፈለጉት በርበሬያቸውና ቆጮአቸው ገበያ እንዲደርስ ነው። ብቻ ከመንገዱ የሚጠብቁት እንዲያልፉበት ነበር።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ መጥተዋል። ደላሎቻችን ግራ ገብቷቸዋል፤ ጆሮአቸውን አስጠግተው የሚያደምጡት ሞተር የላቸውማ! አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋዋ ባትሪዋ ውስጥ ነው፤ የባትሪን ዕድሜ ደግሞ በጆሮ ማወቅ አይቻልም። ምናልባት መኪና በዓመቱ ዋጋዋ ቀንሶ እንደምታድር የምታስተምረን እርሷ ትሆናለች። እንዲህ ቢሆን አልከፋም። መኪና እንደ ጫማ ያረጀባት አገር ውስጥ ሰው ገንዘቡን ወደ ሱቁ፣ ወደ እርሻው፣ ወደ ልጁ ትምህርት ይመልሳል ብዬ አምናለሁ።

የአጎቴ ልጅ ከ2018 መስቀል በኋላ ሴሊካዋን ሸጣት። በ780 ሺህ። የገዛው የቡታጅራ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። ከሸጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የነገረኝ። «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አልኩት። «ብነግርህ ኖሮ አልሸጣትም ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ገንዘብ ጨርቅ ገዝቶ ከመደርደሪያዎቹ አንዱን ግድግዳ ሞልቷል፤ ሌላው ግድግዳ አሁንም ባዶ ነው።

በቅርቡ ለጉዳይ ቡታጅራ ደርሼ ነበር። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፈንጠር ብሎ ያን ቀይ ቀለም ገና ከሩቅ ለየሁት። በአንድ በኩል ተፍቃለች፤ የፊት መከላከያዋም በሽቦ ታስሯል። ወጣቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሙዚቃውን ለቅቆታል። ከኋላ፣ አጎቴ «ሌላው ሰው የት ይቀመጣል?» ባሉበት ቦታ፣ ሁለት ጆንያ በርበሬ ተቀምጧል።