አሮጌ ላንድክሩዘር ወይስ አሮጌ ኮሮላ? የንግድዎ መንገድ ይወስን

ዕቁብ ደርሶት አሮጌ መኪና ለመግዛት የተነሣ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ምክር አያጣም። አንዱ ደላላ «ላንድክሩዘር ግዛ፤ ብረት ነው፣ ስምም አለው» ይለዋል። ሌላው «ኮሮላ ይሻልሃል፤ በፈለግህ ቀን ትሸጠዋለህ» ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። ነገር ግን የደላላው ሒሳብ በሽያጩ ቀን ይዘጋል፤ የገዢው ሒሳብ ደግሞ በዚያው ቀን ይጀምራል።

እስቲ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩትን እናነጻጽር። 80 በሚባለው ሞዴል ላንድክሩዘሩ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ የቤንዚኑ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,500 ሲሲ ገደማ ነው። ኮሮላው ግን አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ባለ 1,300 ሲሲው በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ያህል ሲበቃው፣ ላንድክሩዘሩ 20 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ በወር 165 ሊትር፣ በዓመት 1,980 ሊትር ይሆናል። በማደያው ዋጋ አንባቢ ራሱ ያባዛው። ናፍታው ይቆጥባል፤ ሆኖም ኮሮላን አይደርስበትም። ጎማ፣ የሞተር ዘይትና የፍሬን ሸራ ሲታከሉ ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

«ዋጋው አይወርድም» የሚለው ክርክር መሠረት አለው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በሩ ሲዘጋ በግቢ ያለው ይወደዳል። ይሁን እንጂ ዋጋ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ገዢ ማግኘት ሌላ ነው። የኮሮላ ፈላጊ ብዙ ነው፤ የላንድክሩዘር ፈላጊ ግን ጥቂት በመሆኑ፣ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቆሞበት ገንዘብ የቸገረው ሻጭ በድርድር ይረታል።

ኮሮላውም ቢሆን የወርቅ ማስቀመጫ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ቀድሞ የሚጋፋው የከተማውን ትንሽ አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ ሊሠሩበት እንጂ ዋጋው እስኪጨምር አቁመው ሊያዩት አይግዙት።

ከመርካቶ ቃሊቲ ለሚመላለስ ነጋዴ ኮሮላው ይበቃዋል። በክረምት ቡና ፍለጋ ከፋ ገጠር ለሚገባ ሰው ግን ላንድክሩዘሩ የሥራ መሣሪያ ነው፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ የቆመ ኮሮላ ቁጠባ አይባልም። የትኛውንም ቢመርጡ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ መካኒኩንም ሻጩ ወይም ደላላው ሳይሆን እርስዎ ያምጡት።

ለክብር ብሎ ትልቁን መኪና መግዛት የሚሻም ይግዛ፤ መብቱ ነው። ብቻ ከትርፉ ላይ ይክፈለው እንጂ የመደብሩን መነሻ ገንዘብ አይንካ።