ጧሪ ይቅደም!

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» እየተባልን ተመርቀን አደግን። ቀባሪውስ አለ፤ ጧሪው የታለ? ዕድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን አሟልቶ ሞታችንን ይጠብቃል። እማማ በቁማቸው መድኃኒት መግዣ ቢያጡ ግን ሣጥኑ አይከፈትም።

«ጡረታ አለ» እንዳትሉን! በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ደመወዝተኛውን ለጡረታ አበቃ፤ ደግ። ጉልት ቸርችረው ያረጁትን እናት፣ ሞፈር ጨብጠው የጎበጡትን አባትስ? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን አቅም በፈቀደ መጠን ይርዳ ይላል። እርጅና ግን አቅም እስኪፈቅድ አይጠብቅም።

እኛስ? ለዓመት በዓል ዳቦ አድለን ዞር ማለት ለምዶብናል። ይብቃን! በየሰፈራችን ዕድር ገብተን፣ ከወር መዋጮው ለቋሚውም ድርሻ ይቆረጥ ብለን እንሟገት። የጀመሩት ዕድሮች አሉና ሰበብ የለም። ሬሳ አይርበውም!