ሻንጣው ያዘዘው የግፊት መድኃኒት

እናቴ ደም ግፊት እንዳለባት ካወቀች ሰባት ዓመቷ ነው። ነቀምቴ ላይ ቡና እያፈላች በመሸጥ ያሳደገችን ሴት ናት፤ ሐኪም «ጨው ቀንሺ» ሲላት ወጡን ትታ ሐኪሙን የምትወቅስ። አምና አክስቴ ከሚኒሶታ ስትመጣ አንድ ክኒን ይዛላት መጣች፤ አቴኖሎልና ክሎርታሊዶን በአንድ ላይ። አንዱ የልብን ምት ዝግ ያደርጋል፣ ሌላው ጨውና ውሃን በሽንት ያስወጣል። የምትታይበት ሐኪምም አይቶ «ይሁን፣ ውሰጂው» አላት። ድሮ ከሁለቱ ክኒኖቿ አንዱን የምትረሳው እማዬ ይችን አንዷን ሳታዛንፍ ዋጠች። ግፊቷም ወረደ።

ከዚያ አለቀ። ለእኛ አልነገረችንም፤ «ደህና ነኝ እኮ!» በአምስተኛው ቀን ልቧ ሲደልቅባት በባጃጅ ይዘናት ሮጥን። እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት በአንዴ እንደማይቋረጥ፣ በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ እንደሚቀነስ ያን ለሊት ነው የሰማነው። በነጋታው ሦስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ። ጥምሩ የለም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ነገሩን በሒሳብ አየዋለሁ። ከጊምቢ ወይም ከአርጆ ለቀጠሮ ነቀምቴ የሚመጣ ሰው የሚከፍለው የክኒኑን ዋጋ ብቻ አይደለም። የመኪናው አለ (መንገዱ ክፍት ከሆነ)፣ የምሳው አለ፣ በቡና ለቀማ ወቅት የቀረው የቀን ሥራ አለ። ይህን ሁሉ ከፍሎ ሁለት ክኒን የታዘዘለት ሰው «የለም» የሚባልበት ዕድል ሁለት ነው። ስለዚህ ጥምር ክኒን እደግፋለሁ። ግን የትኛው ጥምር?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ሕክምናው ቢቻል በአንድ ክኒን በተጣመሩ ሁለት መድኃኒቶች እንዲጀመር ይመክራል፤ ከሚያሽኑት፣ እንደ አምሎዲፒን ካሉት፣ ከኢናላፕሪልና ከሎሳርታን ወገን። የአቴኖሎል ቤተሰብ እዚያ የመጀመሪያ ምርጫ ውስጥ የለም። ስትሮክን በመከላከል ከሌሎቹ ደከም ይላል፣ ከሚያሽነው ጋር ሲጣመር ደግሞ የስኳር በሽታን ዕድል ከፍ ያደርጋል። የልብ ሕመም ላለበት ሌላ ነገር ነው፤ እናቴ ግን የላትም። በ2019 የታተመውና በስድስት የአፍሪካ አገራት የተደረገው ክሪኦል የተባለው ጥናትም አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምሮች ግፊትን የተሻለ እንደሚያወርዱ አሳይቷል።

እንግዲህ ለእናቴ ያንን ጥምር ማን መረጠላት? ሻንጣው። ሐኪሙን አልወቅስም፤ ፊቱ የቀረበለት እሱ ነበር። የምወቅሰው አገዛዛችንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ጥምር ክኒኖች መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ካስገባ ከ2019 ጀምሮ ስንት ዓመት አለፈ? የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ በብዛት ይግዛቸው፣ የማህበረሰብ ጤና መድኑም ይሸፍናቸው። የውጭ ምንዛሬ የለም የሚለኝ ሰው፣ ስትሮክ የጣለውን አባወራ አልጋ ላይ ማስታመም ስንት እንደሚፈጅ አብሮ ያስላልኝ።

እማዬ አሁን አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለየብቻ ትወስዳለች። በአንድ ቀን ነው እኩል ገዝቼ ያስጀመርኳት። ማክሰኞ ስቆጥር ከአንዱ አሥራ አንድ፣ ከሌላው አሥራ አራት ቀርቷል።