ሱቅ የማያውቅ የንግድ ምሩቅ

በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን ከመድረክ የሚነገር ምክር አለ፤ «ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ጠባቂ አትሁኑ» ይባላል። የማርኬቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሲሰሙት ይኖራሉ። እኔ ምክሩን ጎጂ ነው እላለሁ። አንድ ወር እንኳ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ያልሸጠን ወጣት «የራስህን ንግድ ክፈት» ማለት፣ የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ ገደል እንዲገባ መገፋፋት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ችርቻሮን የሚያዩት ትምህርት ያልቀናው ሰው እንደሚሠራው ሥራ ነው። አመለካከቱ የቆየ ነው። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በንግድ ስም ይጠራ እንጂ በብዛት ያፈራው የሒሳብ ሠራተኞችንና ጸሐፊዎችን ነበር። አገሪቱ ያኔ ለመሥሪያ ቤትና ለባንክ ሰው ስለቸገራት ያ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ የማርኬቲንግ ተማሪ ዛሬም ዓይኑን ባንክ ላይ ብቻ ተክሎ መመረቁ፣ መምህሩም ሌላ መንገድ አለማሳየቱ ነው።

ሱቅ ውስጥ ያለው እውቀት እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የሁዳዴን መግቢያ እንውሰድ። በቅበላ ሳምንት ወተት፣ አይብና ቅቤ ይጋፉበታል፤ ጾሙ ሲገባ ያ ሁሉ ገዢ ለ55 ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ዕቃ የሚያዘው ሰው ገበያው እየደራ ሳለ ትእዛዙን መቀነስ አለበት። ለምስሩ፣ ለሽሮው፣ ለሱፉና ለተልባው መደርደሪያ የሚያስለቅቀውም በዚያው ሳምንት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። አንዱ ደንበኛ ወተት ሲያቆም ሌላው ለማፍጠሪያው ይፈልገዋል፤ ተምሩም ቀድሞ መግባት አለበት። የትኛው ሰፈር ስንት ካርቶን ይበቃዋል? ጎረቤቶቹን በስም የሚያውቅ ባለሱቅ ይህን ይመልሳል፤ አራት ዓመት የተማረው ምሩቅ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማስላት አይከብድም። በ100 ብር ገዝተን በ110 የምንሸጠው አንድ እሽግ የመጠቀሚያ ጊዜው አልፎ ቢጣል፣ የእሱን ዋጋ ለመመለስ ብቻ ሌላ 10 እሽግ መሸጥ አለብን። ኪራዩና ደመወዙ ገና አልተነካም። አዲስ የመጣውን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት መደርደር የሚባለው ተራ ነገር ሱቁን በሕይወት የሚያቆየው ለዚህ ነው። በዱቤ መዝገቡ ላይ የማን ስም ይግባ፣ ማን በትሕትና ይመለስ የሚለውም እንዲሁ። በቴሌብር ተከፈለ ተብሎ በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየውን መልእክት አምኖ ዕቃ ከማስረከብ በፊት ብሩ መግባቱን በራስ ስልክ ማየትም ትምህርት ነው።

ዩኒቨርሲቲው በዚህ ፈንታ የሚሰጠው «የተግባር ልምምድ» የሚባለውን ነው። ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ፋይል ሲደረድር ይከርምና ሪፖርቱ ላይ ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ሲጨመር፣ የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው የምርጫ ጥያቄ ማጥኛ ሆኗል።

ጥፋቱ የዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። ወላጅ «ለሱቅ ሠራተኛነት አላስተማርኩህም» ይላል፤ ደመወዙን ላየ ሰው እውነት አለው። ነጋዴውም መዝገቡን ለባዕድ ማሳየት ስለማይወድ ከተማረ ሰው ይልቅ የወንድሙን ልጅ ይመርጣል። ግን ነጋዴው ምሩቁን የማያምነው ጎደሎ የማይቆጥር፣ ካርቶን ለማንሳት የሚያፍር ሰው ስለተላከለት ነው። እንደዚያ ያለውን ሰው ደግሞ እኛ ነን ያሠለጠንነው።

ጊዜው አይጠብቀንም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። የሚመጣው ኩባንያ ዕቃ የሚያዝ፣ ክምችት የሚቆጣጠር፣ ቅርንጫፍ የሚመራ ሰው ይፈልጋል። እዚህ ካጣ ከአገሩ ያመጣል፤ የእኛ ልጅ በዲግሪው ካሸር ሆኖ ይቀራል።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። የመጨረሻው ዓመት አንድ ሙሉ ሴሚስተር በሱቅ ይሁን፤ አበል ይከፈልበት። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ መደርደሪያ በስሙ ይሰጠው፤ እሱ ይዘዝ፣ እሱ ይደርድር፣ በወሩ መጨረሻ ቆጠራውን ፈርሞ ያስረክብ። ውጤቱም ከተሸጠው፣ ከተበላሸውና ከጎደለው ይታሰብ። ከፈታኞቹ አንዱ መርካቶ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ነጋዴ ይሁን፤ ዲግሪ ባይኖረውም ድምፁ ከመምህሩ እኩል ይቆጠር።