ዋንጫው ይቆየን፣ መጀመሪያ የጨዋታ ፕሮግራም

የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፌስቲቫል ነው። ቡድኑ ለጥቂት ሳምንት ይሰለጥናል፣ ሄዶ ይጫወታል፣ ፎቶ ፖስት ይደረጋል፣ በቃ። ይሄ ውድድር ነው እንጂ የውድድር ዘመን አይደለም።

ነቀምቴ ልዩነቱን ከእግር ኳስ ታውቀዋለች። በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት የቆየው የነቀምቴ ከተማ ደጋፊ ዛሬ ቢሸነፍ እንኳ ቀጣዩ ጨዋታ መቼ እንደሆነ ያውቃል። በአሜሪካ ኮሌጆች አንደኛ ዲቪዚዮንም አንድ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በዓመት 30 ገደማ ጨዋታ ያደርጋል። የእኛ ተማሪ ግን ፌስቲቫሉ ላይ ሁለቴ ተሸንፎ ከተሰናበተ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። እስከዚያ ደግሞ ሊመረቅ ይችላል!

«በጀት የለም» ይባላል። እስቲ እንቁጠረው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ ላይ ግቢ አለው፤ ደምቢ ዶሎም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። አራት ቡድን ደርሶ መልስ ቢጫወት በድምሩ 12 ጨዋታ ነው፣ ለእያንዳንዱ 6። የሜዳው ወጪ ተጫወትንበትም አልተጫወትንበትም አንዴ ወጥቷል። የሚጨመረው ትራንስፖርት፣ ምግብና የዳኛ አበል ነው። ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደምቢ ዶሎ ግን ከ300 በላይ ስለሆነ ማደር ይጠይቃል።

ይሄም ከበደ? 3 ለ 3 አለ እኮ። ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ የገባው ይህ ጨዋታ የሚፈልገው ግማሽ ሜዳ፣ አንድ ቅርጫትና በየቡድኑ 4 ልጆች ብቻ ነው። 10 ደቂቃ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። አንድ ሚኒባስ ሁለት ቡድን ይጭናል።

ከገንዘቡ የሚከብደው መንገዱ ነው። ወለጋ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ከከተማ ከተማ መሄድ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለማንም አይነገርም። ለአንድ ጨዋታ ተብሎ የማንም ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም። ግን መንገዱ እስኪረጋጋ ኳሱም መጋዘን ይቀመጥ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ግቢ በዲፓርትመንቶች መካከል በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚካሄድ ሊግ ይጀምር። የግቢው ምርጥ ቡድን ከዚያ ይመረጥ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጊምቢና ነቀምቴ ይገናኛሉ፤ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ይከተላሉ።

የተማሪዎች ኅብረትና የስፖርት ክፍሎች፣ ከእናንተ የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ሴሚስተሩ ሳይጀመር የጨዋታ ቀኖቹን ቴሌግራም ላይ ለጥፉልን። ቀኑን ካወቅን ሜዳውን መሙላት የእኛ ሥራ ነው።